ልጄን ማን ያስጠናልኝ? ለጎጃም ወላጆች የአማራጮች ንጽጽር

መስከረም ሲጠባ ወላጆች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ይመሳሰላል። «አስጠኚ ልቅጠርለት ወይስ ይቅር?» የታችኛው ክፍል መምህር ነኝ፤ የማስተምረው ደብረ ማርቆስ ነው። ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ለገበያ ብሎ ከጎዛምን የሚመጣው ገበሬም ይህንኑ ይጠይቃል። እኔም መልሼ «ልጁ ያነባል ወይ?» እላለሁ።

«እንዴ! አራተኛ ክፍል ደርሷል እኮ መምህር!»

አራተኛ ክፍል መድረስ ሌላ፣ ማንበብ ሌላ ነው። በ2002 ዓ.ም በአገራችን የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ሁለተኛ ክፍል ሆነው ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያልቻሉ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን የ12ኛ ክፍል ውጤት ሁላችንም ሰምተናል። በ2014 ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። ሰዉ የሚደነግጠው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ ሳይነበብ የሚታለፈው ገጽ ነው።

በእኛ በኩል ደግሞ ሌላም አለ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። አንዳንዱ ልጅ አንድ ዓመት፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ ቤት ውሏል። ዕድሜው ጨምሯል፤ ንባቡ ግን ያቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ማስጠናት ለእኛ ትርፍ ነገር አይደለም። ለአንዳንዱ ልጅ የቀረው ትምህርት ቤት እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች በእጃችን ያሉትን አማራጮች እያነጻጸርኩ፣ የትኛው ለየትኛው ልጅ እንደሚሆን እናገራለሁ። ፍርዱ የራሴ ነው። የምደግመው አንድ ነገር ግን አለ፦ ልጁ የቆመበትን ቦታ ሳታውቁ ገንዘብ አታውጡ።

ከሁሉ በፊት ልጁን ፈትኑት

ልጁ አሁን የሚማርበትን የአማርኛ መጽሐፍ አውጡ። ገና ያልተማረውን ገጽ ግለጡለት። የተማረውን ገጽ ከሰጣችሁት በቃሉ ሊወጣው ይችላል። ብዙ ልጆች መምህሩ ሲያነብ ሰምተው ይሸመድዱና ጣታቸውን እየነዱ «ያነባሉ»። አዲስ ገጽ ላይ ግን መሸምደድ አያድንም።

ጮክ ብሎ ያንብብ። አንድ ገጽ ላይ ከአምስት ቃል በላይ ከተደናቀፈ መጽሐፉ ከብዶታል። ያለፈውን ዓመት መጽሐፍ ከጎረቤት ተውሳችሁ ስጡት። እዚያም ከተደናቀፈ አንድ ዓመት ጨምራችሁ ውረዱ። እስኪቀለው ድረስ መውረድ ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈው ክፍል ምንም ይሁን፣ ጥናቱ የሚጀምረው ከዚያ ከቀለለው ቦታ ነው። ስድስተኛ ክፍል ያለ ልጅ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ሲሰጠው ያፍራል። ለብቻው አድርጉት፤ ታናናሾቹ ፊት አይሁን።

ሲጨርስ መጽሐፉን ክደኑና «ምን ይላል?» በሉት። መልሱ ልጁ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይነግራችኋል። ፊደል ላይ የሚደናቀፍ አለ። ጥሩ አድርጎ አንብቦ ምን እንዳነበበ የማያውቅ አለ። ንባቡም ሐሳቡም ደህና ሆኖ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ የሚከብደው አለ። ሁሉን ችሎ ደብተር የማይገልጥም አለ። የእነዚህ ልጆች መድኃኒት አንድ አይደለም። በየቤቱ የማየው ግን ለሁሉም አንድ ነገር ሲደረግ ነው፦ አስጠኚ ይቀጠራል።

እናትና አባት

መጀመሪያ ይህን ስሌት ስሩት። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ክፍሉ 60 ልጅ ከያዘ ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። መምህሩ የቱንም ያህል ቢተጋ ልጃችሁ በሳምንት ውስጥ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ የማንበብ ዕድል ላያገኝ ይችላል። እናንተ ማታ ሩብ ሰዓት ብትሰጡት ትምህርት ቤቱ በሳምንት የማይሰጠውን በአንድ ምሽት ሰጣችሁት ማለት ነው። ለዚህ ነው ከአማራጮች ሁሉ ይህን የማስቀድመው። ገንዘብ ስለማያስወጣም አይደለም። ብዙ ገንዘብ ቢያስወጣም አስቀድመው ነበር።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ ምኑን ላስጠናው?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይህን በደንብ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ እናቶች በዚህ የተነሳ ራሳቸውን ከልጃቸው ትምህርት ያገላሉ።

አንዲት እናት አውቃለሁ። ጠላ ጠምቃ የምታድር ናት፤ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ማታ እንጀራ ስትጋግር ልጇን ከምድጃው አጠገብ ታስቀምጣትና «አንብቢልኝ» ትላታለች። ልጅቷ ታነባለች። እናቷ በመሀል ታቆማታለች። «ማነው የሄደው? ለምን ሄደ? ከዚያስ?» ትላለች። ያልገባት ሲኖር «ይሄኛው አልገባኝም፣ አስረጂኝ» ትላለች። ልጅቷም ለማስረዳት ስትል ደግማ ታነባለች። ያቺ እናት የምታደርገው ከብዙ ተከፋይ አስጠኚዎች ሥራ ይበልጣል። ልጅቷ ለውጤት ብላ ሳይሆን ሰው እንዲገባው ብላ እያነበበች ነው።

ማንበብ የማይችል ወላጅ በጆሮው ብዙ ነገር ያውቃል። ልጁ ሲቆራርጥ፣ ሲንተባተብ፣ ዘሎ ሲሄድ ይሰማል። ሲያነብ የሚወጣው አማርኛ እንደ ሰው ንግግር የሚፈስ ከሆነ ደህና ነው። ፊደል በፊደል የሚንጠባጠብ ከሆነ ገና ነው። ደብተሩንም ግለጡ። ቀይ እስክሪብቶ የት የት ላይ እንዳረፈ ለማየት መማር አያስፈልግም። «ይሄ ምን ማለት ነው? መምህርህ ምን አለህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የመጨረሻው ገጽ ከሳምንት በፊት የተጻፈ ከሆነም ልጁ ራሱ ምክንያቱን ይነግራችኋል።

የተማረ ወላጅ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ይቸኩላል። ልጁ አንድ ፊደል ላይ ቆም ሲል ወላጁ ቀድሞ ይናገርለታል። ወይም «ይቺን እንኳ አታውቅም?» ብሎ ይቆጣል። ልጁ ሲደናቀፍ እስከ አምስት በልባችሁ ቁጠሩ። ካልወጣለት ፊደሉን ንገሩት። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲደግመው አድርጉ። ይኸው ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም። ዱላና «የእገሌ ልጅ እኮ አንደኛ ወጣ» የሚለው ንግግር ግን ከቤት ይውጡ። በፍርሃት ውስጥ ያለ ልጅ ዓይኑ ፊደሉ ላይ፣ ልቡ እጃችሁ ላይ ነው።

ወላጅ የማይችለው ምንድን ነው? ከፍ ያለው ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱም ከ2015 ጀምሮ ስለተቀየረ መጽሐፉ እኛ ከተማርንበት ይለያል። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ታላቅ እህት፣ ታላቅ ወንድም

ሰው መፈለግ የሚጀመረው ከቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል ያለች ልጅ ለሦስተኛ ክፍሉ ወንድሟ ጥሩ አስጠኚ ናት። መጽሐፉን በቅርብ ጊዜ አልፋበታለች። የት እንደሚከብድም አልረሳችም። ራሷም ትጠቀማለች። አንድን ነገር ለታናሽ ማስረዳት ያላወቁትን ያሳውቃል።

ከአስጠኚ ጋር ሳወዳድረው ለታችኛው ክፍል ልጅ ታላቅ እህትን እመርጣለሁ። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። በብዙ ቤት ይህ ሥራ የሚወድቀው በሴቷ ላይ ነው። ውሃ የቀዳችው እሷ፣ ወጥ የሠራችው እሷ፣ ታናሿንም የምታስጠናው እሷ ትሆናለች። የራሷን ደብተር የምትገልጠው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። እሷን አስጠኚ ካደረጋችኋት ከሌላው ሥራ አንዱን ቀንሱላት። ወንዱም ይቅዳ፤ ውሃው አይጠላውም።

ተከፋይ አስጠኚ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ስላለ አስጠኚ ማግኘት አይከብድም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አለ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያስጠና መምህርም አለ።

አስጠኚ የሚጠቅመው መቼ ነው? ልጁ ማንበብ ሲችልና ችግሩ አንድ የታወቀ ትምህርት ላይ ሲሆን ነው። ክፍልፋይ አልገባውም እንበል። ወይም እንግሊዝኛ ሰዋስው ይከብደዋል። እዚህ ላይ ጥሩ አስጠኚ በአንድ ሴሚስተር ልጁን ያነሳዋል። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ላለና በሒሳብ ለሚቸገር ልጅ ገንዘቡ አያስቆጭም። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ሰባተኛና ስምንተኛ ላይ ለእንግሊዝኛ የሚወጣ ብርም በከንቱ አይቀርም።

የማይጠቅመው ደግሞ ፊደል ገና ለሆነበት ልጅ ነው። አስጠኚው የሚመጣው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ንባብ ግን የየዕለት ነገር ነው። በዚያ ላይ አስጠኚው ወላጅን ማስደሰት ስለሚፈልግ የቤት ሥራውን አብሮ ይሠራል፤ አንዳንዴም እሱ ራሱ ይሠራዋል። ደብተሩ በሙሉ ልክ ነው፣ ፈተናው ላይ ግን ልጁ ይወድቃል። ይህን ካያችሁ የቤት ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ስለዚህ አስጠኚ ስትቀጥሩ ከዋጋው በፊት የምትነጋገሩባቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያውን ቀን ልጁን ፈትኖ የት እንዳለ ይንገራችሁ። መንገር ካልቻለ ሌላ ፈልጉ። የቤት ሥራውን ልጁ ብቻውን ይሥራ፣ አስጠኚው ከዚያ በኋላ ይይ። ጥናቱ ክፍት በሆነ፣ ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። ይህን የምለው ማንንም ለመጠርጠር ብዬ አይደለም። የልጅ ደኅንነት ከይሉኝታ ይቀድማል። በየወሩም ልጁ ያን ወር የተማረውን ለእናንተ ያስረዳ። አስጠኚው ሳይሆን ልጁ።

የራሱን የክፍል መምህር አስጠኚ ማድረግስ? በብዙ ቤት የተለመደ ነው። እኔ አልመክርም። ውጤት የሚሰጠውና ከወላጅ ገንዘብ የሚቀበለው አንድ ሰው ሲሆን የልጁ ማርክ እውነቱን መናገር ያቆማል። መምህሩ ቅን ቢሆን እንኳ ሌሎቹ ልጆች የሚያስቡት ሌላ ነው።

ዋጋው ከከበደ ሦስት አራት ቤት ሆናችሁ አንድ አስጠኚ ያዙ፤ እንደ ወንፈል ነው፣ በተራ በየቤታችሁ ያስጠናል። ልጆቹ ተቀራራቢ ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው። ከአራት በላይ ከሆኑ ግን ጥቅሙ ይጠፋል።

የአብነት ትምህርት ቤት

ይህን ከአማራጮች መሀል የማይጠቅስ የጎጃም ሰው ያስገርመኛል። ዋሸራና ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስን የመሳሰሉ የታወቁ የአብነት ትምህርት ቤቶች አገር ሆነን፣ ልጅ ፊደል ሲያቅተው መጀመሪያ የምናስበው ቱቶሪያል ነው። ቅኔው ሊቃውንቱ ዘንድ ይሁን። ፊደል ቆጠራውና ንባቡ ግን ለማንኛውም ልጅ የሚሆን ዘዴ አለው።

ዘዴውን ልንገራችሁ። ልጁ መጀመሪያ ሀ ሁን በተራ ይቆጥራል። 33 ፊደል በሰባት ሰባት ቤት ነው፤ በድምሩ 231። በተራ ሲቆጥር በዜማ ስለሚለው ፊደሉን ሳያይ ሊወጣው ይችላል። ለዚህ ነው አቡጊዳ የሚከተለው። አቡጊዳ ተራውን ያፈርሰዋል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ እያለ ፊደሉም ቤቱም አብሮ ይቀያየራል። ልጁ ዜማውን ይዞ መሮጥ አይችልም። እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ማወቅ አለበት። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ ይገባል፣ ቀጥሎ ዳዊት። አንዱን ሳያውቅ ወደ ቀጣዩ አያልፍም። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ትልቁ ጉድለት እዚህ ጋ ነው። እኛ ልጁን ዓመቱ ሲያልቅ እናሳልፈዋለን፤ የኔታ ሲያውቅ ያሳልፉታል። ትልቁ ተማሪም ትንሹን ያስቆጥራል። ስለዚህ ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ሰው አያጣም።

ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ፊደል ለሚያምታታ ልጅ ከአስጠኚ ይልቅ የኔታ ይሻሉታል። ክረምቱን፣ ሐምሌና ነሐሴን ቢውልበት ለውጡን መስከረም ላይ ታያላችሁ። አንደኛ ክፍል ለሚገባም ልጅ ጥሩ መንደርደሪያ ነው።

ጉድለትም አለው። ልጁ የሚያነበው ግእዝ ስለሆነ ትርጉሙን አያውቅም። ድምፁ ያማረ፣ ሐሳብ ግን የማይይዝ አንባቢ ሊወጣ ይችላል። ጥሩ አንብቦ «ምን ይላል?» ሲባል ዝም የሚል ልጅ ካላችሁ አብነት ትምህርት ቤቱ ለእሱ መፍትሔ አይደለም። እሱ የሚያስፈልገው በአማርኛ የተጻፈ ተረትና የሚጠይቀው ሰው ነው። የኔታ ዘንድ የሚውል ልጅም ማታ አንድ ገጽ አማርኛ ለእናንተ ያንብብ። የቅጣቱንም ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንዳንድ ቦታ አሁንም አርጩሜ አለ።

የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች፣ በተለይ ባሕር ዳርና ሞጣ ያሉት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ ይሄዳሉ። እዚያ የሚማሩት የዐረብኛ ፊደል ስለሆነ የአማርኛው ንባብ ቤት ውስጥ የተለየ ጊዜ ይፈልጋል። አቡጊዳን ግን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፤ የፊደል ገበታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ከተራ ውጭ እየጠቆሙ «ይቺ ማናት?» ማለት ነው። ብዙ ልጅ ግእዙንና ካዕቡን (የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ቤት) ያውቅና ሳድሱ (ስድስተኛው ቤት) ላይ ይጠፋል፤ የሳድስ ቅርጽ አንድ ዓይነት ሥርዓት የለውምና። ተና ቸን፣ ነና ኘን፣ ጠና ጨን የሚያምታታም አለ። የሳታቸውን ብቻ ለይታችሁ ደጋግሙለት።

አዊ ውስጥ ላሉ ቤተሰቦችም አንድ ቃል። ቤት ውስጥ አውኚ መናገር የልጁን አማርኛ አይጎዳውም። በሚያውቀው ቋንቋ ብዙ ተረት የሰማ ልጅ በሌላውም ቋንቋ ሲያነብ ሐሳብ መያዝ ይቀለዋል። በአውኚ ተርኩለት፣ በአውኚም ጠይቁት።

ቱቶሪያል፣ ስልክና አጋዥ መጽሐፍ

እነዚህን በአጭሩ ላልፋቸው።

ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ወይም ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው ቱቶሪያል ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላሉ ተፈታኞች ይጠቅማል። ያለፉ ጥያቄዎች ይሠሩበታል። ነገር ግን ያው የተጨናነቀ ክፍል ነው። ወደኋላ የቀረ ልጅ እዚያም የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ስልክን በተመለከተ ብዙ ወላጅ ተስፋ አድርጓል። የመማሪያ መጻሕፍት በቴሌግራም ይገኛሉ፤ መጽሐፍ ላልደረሰው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርዳችሁ አስቀምጡ። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። ከአራተኛ ክፍል በታች ላለ ልጅ ግን ስልክ ንባብ አያስተምረውም። ቪዲዮው ይናገርለታል፣ እሱ ያያል። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ማስለመጃ ከሆነ እሺ፤ አጠገቡ ሰው ይቀመጥ።

አጋዥ መጽሐፍ መልሱ ከኋላው አለ። ራሱን ለሚገዛ ትልቅ ልጅ መልካም ነው፣ ለትንሹ ግን መገልበጫ ይሆናል። በአንድ አጋዥ መጽሐፍ ዋጋ የተረት መጽሐፍ ማግኘት ከቻላችሁ ተረቱን ግዙ። ልጅ ደጋግሞ የሚያነበው የሚወደውን ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ሒሳብና ጨዋታ

ሒሳብ ለሚፈራ ልጅ ከአስጠኚ በፊት ገበያ ውሰዱት። እንቁላሉን እሱ ይሽጥ፣ መልሱን እሱ ይቁጠር። «ጤፉ ኪሎው ይህን ያህል ከሆነ ሦስት ኪሎ ተኩል ስንት ይመጣል?» በሉት። ክፍልፋይ ደብተር ላይ የከበደው ልጅ «ሩብ ኪሎ በርበሬ» ሲባል ይገባዋል። ገበጣም የዋዛ ነገር አይደለም። ጠጠሩን ከመዝራቱ በፊት የት እንደሚያልቅ በልቡ የሚቆጥር ልጅ መደመርና መቀነስ እያጠና ነው።

ያነበበውን ለማይረዳ ልጅ ደግሞ እንቆቅልሽና ተረት አለ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ልጅ የታሪክ መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ ምን እንደሚመስል ይለምዳል። ሌላ ቀን እሱ ይተርክላችሁ። አያት ያለበት ቤት እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው።

ጠዋት ወይስ ማታ?

ማን ያስጠና የሚለው ተወስኖ ሰዓቱ ካልተያዘ ነገሩ በሳምንቱ ይቀራል። ከተማ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ያስተምራሉ። የከሰዓት ፈረቃ ልጅ ጠዋቱ የእሱ ነው፤ ቁርስ እንደበላ ያንብብ። ጠዋቱን በጨዋታ ፈጅቶ ማታ ደክሞት ደብተር እንዲገልጥ አታድርጉ። የጠዋት ፈረቃ ልጅ ምሳ በልቶ፣ ትንሽ ተጫውቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጀምር። መብራት እንደሆነ በተፈለገ ሰዓት አይገኝም።

ገጠር ያለ ልጅ ከብት ጠብቆ ሲገባ መሽቷል። በኩራዝ ማንበብ ዓይንንም ሳንባንም ይጎዳል። ትንሽ የሶላር መብራት መግዛት የሚችል ቤት ከሌላው ዕቃ ያስቀድማት። ካልሆነ መጽሐፉ ከከብቱ ጋር ሜዳ ይውረድ። በቀን ብርሃን፣ ጓደኛው እየሰማው ማንበብ ይችላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አጨዳውና ውቅያው ሲደራረብ ልጁ ከትምህርት ቤት የሚቀርባቸውን ቀኖች ለመምህሩ ቀድማችሁ ንገሩ። ምን እንዳለፈው ጠይቃችሁ ማታ ማታ ያካክሰው። ሳይነገር የሚቀር ልጅ ሲመለስ ትምህርቱ ሄዶ ይጠብቀዋል፤ ያኔ ነው ማቋረጥ የሚያምረው።

ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ

አንድ ነገር ቀረኝ። ገጠር ያለ ወላጅ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ይልከዋል። ሞጣ፣ ብቸና፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደንበጫ፣ የትም ይሁን ነገሩ አንድ ነው። ልጁ ክፍል ይከራያል፣ ወላጅ ስንቅ ይልካል። ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ማስጠናት የሚባል ነገር ያበቃ ይመስላል።

ምርጫው ሦስት ነው። ዘመድ ቤት ማስቀመጥ፣ ከጓደኞቹ ጋር ማከራየት፣ ወይም በእግር እያመላለሱ ማስተማር። ዘመድ ቤት ምግቡና ጥበቃው ይሻላል፤ ግን ብዙ ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ የቤቱ ሠራተኛ ሆና ትቀራለች። ዘመድ ቤት ከሆነ የጥናት ሰዓቷን በግልጽ ተነጋገሩ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ ልጅቷን ይበላታል። ኪራይ ቤት ነፃነት አለው። አብሮት የሚኖረው ልጅ ማን እንደሆነ ግን ከቤቱ ዋጋ በላይ ይታሰብበት። ከሚያጠና ልጅ ጋር ያለ ልጅ ያጠናል። መንገዱ በእግር ከአንድ ሰዓት የማይበልጥና ሰላም ከሆነ እኔ ቤት እያደረ ቢመላለስ እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ድካሙ ጥናቱን ይበላዋል።

ስንቅ ስታደርሱ እንጀራውን አስቀምጣችሁ ወዲያው አትመለሱ። የከተማው ትምህርት ቤት ትምህርት ባለበት ቀን ሂዱና የክፍል ኃላፊ መምህሩን ፈልጋችሁ ስማችሁንና ስልካችሁን ስጡት። ከዚያ ልጁ የሚኖርበት ክፍል ገብታችሁ ቁጭ በሉ። ደብተሩን ያውጣ፣ በዚያ ሳምንት የተማረውን አንድ ነገር ይንገራችሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በአማርኛ ያስረዳችሁ። ማስረዳት ካቃተው የትኛው ትምህርት ላይ አስጠኚ እንደሚያስፈልገው አወቃችሁ፤ የስንቁን ብር ስትመድቡ የአስጠኚውንም አብራችሁ መድቡ።